ታዛዥ፣ ታታሪ፣ ንጹሕ

ሚያዝያ 12፣ ሰኞ

በአርባ ሦስት ዓመቴ የቤት ሥራ ተሰጠኝ። ቀን ቀን ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን ኅብረተሰብ አስተምራለሁ፤ ማታ ማታ ኮሌጅ ሄጄ ሶሲዮሎጂ እማራለሁ። ዶክተራችን ዛሬ ለመመረቂያ ጽሑፋችን የማስታወሻ ደብተር እንድንይዝ አዘዙን። የታዘባችሁትን ሁሉ ጻፉ፣ ለራሳችሁም አትራሩ አሉ። እንግዲህ ይኸው ደብተሩ።

የዛሬው ትምህርት ስለ ትምህርት ቤት ነበር። እኛ አስተማሪዎች ልጆችን የምናበላልጠው በፈተና ይመስለናል። እሳቸው ግን ልጁ ገና ፈተና ላይ ሳይቀመጥ የሚያበላልጡት ብዙ ነገሮች አሉ አሉን፤ እቤቱ የሚሰማው አነጋገር፣ አባቱ ሹም ፊት እንዴት እንደሚቆም፣ አስተማሪው ምን ብሎ እንደሚጠራው። «ልጅ የተጠራበትን ሆኖ ያድጋል» አሉ። ጻፍኩት። ከኋላዬ የተቀመጠው የሒሳብ ሠራተኛ ያንኮራፋ ነበር።

ርዕስ መርጫለሁ። በእኛ ትምህርት ቤት የክፍል ኃላፊው ለእያንዳንዱ ተማሪ በየዓመቱ አንድ የጠባይ ካርድ ይሞላል። ከታች «ተማሪው በሦስት ቃላት ሲገለጽ» የሚል መስመር አለ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቻለሁ። ካርዶቹ ሁሉ መዝገብ ቤት ተቀምጠዋል። ማን ምን እንደተባለ እቆጥራለሁ። ቀላል ሥራ ነው።

ሚያዝያ 15፣ ሐሙስ

ከአዳሪ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ከእኛ አንድ ተማሪ ብቻ ይወስዳሉ። ምግቡ፣ መኝታው፣ መጽሐፉ ሁሉ በእነሱ ነው፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። ከመቶው ስልሳው ከክፍል ውጤት፣ ሃያው ከጠባይ ካርዱ፣ ሃያው ከቃለ መጠይቅ ይመጣል።

የቀረቡት ሁለት ልጆች ናቸው። አንዷ የእኔው ልጅ ናት፣ ከስምንተኛ ሀ። ሌላዋ እኔ ከምመራው ከስምንተኛ ለ፣ የጽዳት ሠራተኛችን ልጅ ናት። ጭምቷ እንላታለን፤ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ካልተጠየቀች አፏን አትከፍትም፣ ስትመልስም ዓይኗ ከጠረጴዛው አይነሳም። በውጤት ግን የሚደርስባት የለም። ልጄንም በትንሽ ትበልጣታለች።

የምርጫው ኮሚቴ አባል ነበርኩ፤ ዛሬውኑ ለቀቅሁ። ልጄ ባለችበት ዳኛ መሆን ነውር ነው። ሁሉም አመሰገኑኝ። እኔም ቀለል አለኝ።

ከሰዓት በኋላ እናቷ ክፍሌን ልትጠርግ መጣች። «ጋሼ፣ ይሳካላት ይሆን?» አለችኝ መጥረጊያዋን ተደግፋ። ከተሳካ ልጅቷ አዳሪ ትገባለች። ካልተሳካ ቀን ሥራ፣ ማታ ትምህርት ነው፤ ከሥሯ ሁለት ታናናሾች አሉ፣ እናትየው ብቻዋን አትችለውም። ይህን የነገረችኝ ሳታማርር ነው፣ የነገውን የአየር ሁኔታ እንደምትነግረኝ ያህል።

በዕድሜ አንድ ሁለት ዓመት ብትበልጠኝ ነው። እሷ ጋሼ ትለኛለች፣ እኔ አንቺ እላታለሁ። የታዘባችሁትን ጻፉ ስለተባልን ጻፍኩት።

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ

መዝገብ ቤት ዋልኩ። አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋኝ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ካርድ፣ ሁሉም በእኔ እጅ ጽሕፈት። በወላጅ ሥራ ለይቼ ወለሉ ላይ ደረደርኳቸው።

የባንክ ሠራተኛ ልጅ፦ ጠያቂ፣ ፈጣን፣ በራሱ የሚተማመን። የሐኪም ልጅ፦ ጠያቂ፣ ፈጣሪ፣ ተጫዋች። የዘበኛ ልጅ፦ ታዛዥ፣ ታታሪ፣ ጨዋ። የቀን ሠራተኛ ልጅ፦ ታዛዥ፣ ታታሪ፣ ንጹሕ። ልብስ አጣቢ፣ ዘበኛ፣ ተሸካሚ፤ ታዛዥ፣ ታዛዥ፣ ታዛዥ።

«ንጹሕ» የሚለውን አርባ አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ። አርባ አንዱም የድሃ ልጆች ናቸው። የሐኪሙ ልጅም እኮ ንጹሕ ነበር፤ ግን ንጹሕ መሆኑ አላስገረመኝም፣ ስለዚህ አልጻፍኩለትም። ይህን ሳይ አፈርኩ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

ሁለት ልጆች ትዝ አሉኝ፣ በአንድ ክፍል የነበሩ፣ ሁለቱም እጅ ሳያወጡ የሚናገሩ። አንዱን «በራሱ የሚተማመን» ብዬዋለሁ። ሌላውን «ችኩል»። የሁለተኛው አባት አናጢ ነበር።

የጭምቷን ካርድም አየሁት። በዓመቱ አጋማሽ የሞላሁት ነው። ታዛዥ፣ ታታሪ፣ ንጹሕ። ስጽፈው ማመስገኔ ነበር፣ ይህን እምላለሁ። ለእኔም ልጅ ሆኜ የተጻፈልኝ ይኸው ነው። የዘበኛ ልጅ ነኝ። አባቴ «ታዛዥ» የሚለውን ለጎረቤት ሁሉ እየዞረ አስነብቧል።

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

የቆጠርኩትን ለባለቤቴ አሳየኋት። ነርስ ናት፣ ሰንጠረዥ ማንበብ ታውቅበታለች። አየችውና የልጃችንን ካርድ ማን እንደሞላው ጠየቀችኝ። የእንግሊዝኛ መምህርቷ ናት አልኳት። ምን አለቻት? ጠያቂ፣ ፈጣሪ፣ መሪ። የአስተማሪና የነርስ ልጅ ሌላ ምን ልትባል ኖሯል።

«የዚያችን ልጅ ልትቀይረው ነው?» አለችኝ።

ይቻላል አልኳት። እስከ ግንቦት 21 ድረስ በምክትል ርዕሰ መምህሩ ፊርማ ካርድ ይታረማል። ባለቤቴ ሳህኑን አስቀምጣ እጇን አደረቀች።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ። ሶሲዮሎጂህን በልጄ ላይ አትማርባት።»

ክፉ ሴት አይደለችም። የማንንም ልጅ ስታስታምም የምታድር ናት። እኔም መለስ ብዬ ለፍትሕ እንጂ ለማንም እንደማላደላ ነገርኳት። እሷ ግን ወደ ጓዳ ገብታ ነበር።

ሰኞ እቀይረዋለሁ።

ሚያዝያ 27፣ ማክሰኞ

ትናንት ምክትሉ አልነበረም። ዛሬ የፈተና ወረቀት እርማት። መቶ ሃያ ወረቀት። ጀርባዬን አመመኝ።

ግንቦት 3፣ ሰኞ

ምክትሉን ሻይ ክበብ አገኘሁት። የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ሰዎች የነጥብ አሰጣጥ መመሪያ ልከውለታል፤ ካርዱ ላይ ጠያቂ፣ ፈጣሪ፣ መሪ ለሚሉ ቃላት ነው ነጥብ የሚሰጠው። «አንተ ደግሞ ያቺን ልጅ ታዛዥ ብለሃታል» አለኝ እየሳቀ። «ታዛዥ ምን ያደርግላቸዋል? ዘበኛ የሚቀጥሩ መሰለህ?»

እኔም ሳቅሁ። ከማሰቤ ቀድሜ ነው የሳቅሁት።

ማረም ከፈለግህ ቅጹን አምጣና ልፈርምልህ አለኝ። ነገ እወስድለታለሁ።

ግንቦት 5፣ ረቡዕ

የማረሚያ ቅጹን ይዤ ተቀመጥኩ። «ጠያቂ» ብዬ ጻፍኩና ብዕሬ ቆመ። መቼ ጠየቀች? በእኔ ክፍል ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም። ያላየሁትን መጻፍ ውሸት ነው። በዚያ ላይ ካርዱ የጥናቴ መረጃ ነው፤ አጥኚ መረጃውን አይነካም። ዶክተሩ ይህን ደጋግመው ነግረውናል።

ቅጹን ቀደድኩት። ሌላ ወስጃለሁ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ግንቦት 11፣ ማክሰኞ

የጭምቷ እናት ደጅ ጠብቃ አገኘችኝ። ቃለ መጠይቅ የሚሉት ምን እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነው። ምን ይሏታል? ምን ትልበስ? ቆማ ነው ተቀምጣ የምትመልሰው?

የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ ምክትሉ ካሳየኝ መመሪያ አውቄአለሁ፤ ቀና ብሎ የሚያይ፣ ራሱ የሚጠይቅ፣ የማይስማማበትን አልስማማም የሚል ልጅ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን ለአንድ ወገን ብቻ ምክር መስጠት ተገቢ አይደለም። ኮሚቴውንም ለቅቄአለሁ።

«ራሷን ትሁን» አልኳት። «እንደ ልማዷ።»

«ጨዋ ሆና ትመልስ?»

«ጨዋ ሆና።»

ጉልበቴን ልትስም ምንም አልቀራት። ከልቧ ነው የመረቀችኝ። ያዘዝኳትን አንድ ነገር እንኳ እንደማታጎድል አውቃለሁ።

ግንቦት 14፣ ዓርብ

ከእራት በኋላ ከልጄ ጋር ተጫወትን። ማስጠናት አልነበረም፣ ጨዋታ ነው። ሰው ሲጠይቅሽ ዓይኑን እዪው አልኳት። ሲጨርሱ ጥያቄ አለሽ ወይ ይሉሻል፣ ያኔ ሁለት ጥያቄ ይኑርሽ። አንዱ ስለ ቤተ መጻሕፍታቸው ይሁን። መልሱን ባታውቂው አላውቀውም በይና እንዴት እንደምትፈልጊው ንገሪያቸው። አባት ከልጁ ጋር ማውራቱ ወንጀል አይደለም። ማንም አባት ያደርገዋል። ማንም ማለት፣ የሚያውቅ ማለቴ ነው።

አራት ጊዜ ደጋገምነው። በአራተኛው ላይ ልጄ፣ «ይህንን ለእሷም ነገርካት?» አለችኝ።

እናቷን አነጋግሬአታለሁ አልኳት። ውሸት አይደለም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል።

ግንቦት 18፣ ማክሰኞ

ሁለቱ ልጆች ከትምህርት በኋላ አብረው ይቆያሉ። አንዷ እኔን ትጠብቃለች፣ ሌላዋ እናቷ ጠርጋ እስክትጨርስ። አብረው የቤት ሥራ ይሠራሉ፤ ሒሳቡን ለልጄ የምታስረዳት ጭምቷ ናት። ይህን ድሮም አውቃለሁ። ዛሬ ግን መንገድ ላይ ልጄ ብቻዋን ስትስቅ ምን አሳቀሽ አልኳት።

ጭምቷ አስቂኝ ናት አለች። ምክትሉን ታስመስለዋለች፣ የእንግሊዝኛ መምህርቷን ታስመስላታለች፣ እኔንም። እኔን እንዴት? ሱሪዬን ወደ ላይ ሳብ አድርጌ፣ ጠመኔውን ወደ ጣሪያ ወርውሬ ቀልቤ፣ «ዝም ያለ ልጅ የተባረከ ነው» ስል። በእርግጥ እላለሁ። ጠመኔውንም እቀልባለሁ።

«ወሬዋ ለጉድ ነው» አለች ልጄ። «ዝም የምትለው አንተ ክፍል ብቻ ነው።»

ለምን ብላት ትከሻዋን ነቀነቀች። አውቃ ያልነገረችኝ ይመስለኛል።

እንግዲህ ጠያቂ ናት፣ ተጫዋች ናት። አሁን ብጽፈው ውሸት አይሆንም። ሦስት ቀን ቀርቶኛል።

ግንቦት 21፣ ዓርብ

የጽሑፉ ማስረከቢያም ዛሬ፣ የካርዱም ዛሬ። ሰንጠረዥ አራት ተበላሽቶ እንደገና መሥራት ነበረብኝ። አሥር ሰዓት ላይ ምክትሉን ፈለግሁ፣ ወጥቷል አሉኝ። ቢሮው አልሄድኩም፤ መንገድ ላይ ያገኘሁት አስተማሪ ነው የወጣ ይመስለኛል ያለኝ።

ጽሑፉን በሰዓቱ አስረከብኩ። አርባ ሁለት ገጽ። ርዕሱ «የአስተማሪ ቃልና የተማሪ ዕድል»።

ቅጹ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ግንቦት 26፣ ረቡዕ

ቃለ መጠይቅ። ከአዳሪ ትምህርት ቤቱ ሁለት እንግዶች መጥተው ከኮሚቴው ጋር ተቀመጡ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። የጭምቷ እናት መወልወያዋን ይዛ የበሩን አካባቢ ትወለውላለች። ያንኑ አራት ካሬ ሜትር አንድ ሰዓት ሙሉ ወለወለችው። ሥራ ከሌላት እዚያ መቆም አትችልማ።

ልጄ ገባች። ብዙ ሳትቆይ ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። ስትወጣ እንግዳው እስከ በር ሸኝቷት ስለ ቤተ መጻሕፍቱ እያስረዳት ነበር።

ጭምቷ ገባች። የእናቷን ነጠላ ጫማ አድርጋለች፣ ሰፍቷታል። ሳቅ የለም። ድምፅም ብዙ የለም። ስትወጣ በሩን በሁለት እጇ ቀስ ብላ ዘጋችው።

«እንዳልኩሽ ሆንሽ?» አለቻት እናቷ።

«ሆንኩ።»

እናትየው ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። የምገባበት አጣሁ።

በኋላ ከኮሚቴው ጋር ተቀምጣ የነበረችው የእንግሊዝኛ መምህርት ለምክትሉ ስትነግረው ሰማሁ። ጥያቄ አለሽ ወይ ሲሏት የለኝም፣ እግዜር ይስጥልኝ ብላ እጅ ነሳች። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ጎበዝ ናት ግን እዚያ ብንወስዳት ትጨነቃለች፣ ለራሷም አይበጃት ብላለች። እንዴት ያለ ደግ ሰው።

ሰኔ 2፣ ማክሰኞ

ጽሑፌ ተመለሰ። ከክፍላችን ከፍተኛው ውጤት የእኔ ነው። ዶክተሩ ተነሥቼ እንዳነብ ጋበዙኝና ከመደምደሚያዬ አንድ ገጽ አነበብኩ። ሰው የሚደኸየው በስንፍናው ነው የሚለውን ትምህርት የምተችበት ቦታ ነው፤ «ከሁላችንም ቀድማ ሥራ የምትገባ ሴት አለች፣ ከሁላችንም ድሃ ናት» ብዬ የጻፍኩበት። ዶክተሩ ይህ ዓረፍተ ነገር ብቻውን አንድ ምዕራፍ ነው አሉ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ስጽፈው እንዲሁ ተንደርድሮ ነው የመጣው።

ቀጥለው ስለ ተማሪ መ ጠየቁኝ። በጽሑፌ ውስጥ ጭምቷን «ተማሪ መ» ብዬ አራት ገጽ ሰጥቻታለሁ። አሁን የት ደረሰች አሉኝ። ካርዷ ታረመላት ወይ?

ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው አልኳቸው።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ለአፍታ አዩኝ። ከዚያ የሚቀጥለውን ተማሪ ጠሩ።

ሰኔ 4፣ ሐሙስ

ልጄ አለፈች። ባለቤቴ አልቅሳ ሳመቻት። እኔም ደስ ብሎኛል። ለምን ደስ አይለኝ? ልጄ ናት።

ነጥቡን ሰሌዳ ላይ ለጥፈውታል። ጭምቷ በክፍል ውጤት በሁለት ነጥብ ትበልጣለች፣ በካርዱ ግን ከሃያው ስምንት ብቻ አገኘች፣ በቃለ መጠይቁ አሥራ ሁለት። ልጄ በካርዱ አሥራ ስምንት፣ በቃለ መጠይቁም አሥራ ስድስት። ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ካርዱ ታርሞ እንደ ልጄ አሥራ ስምንት ብታገኝ እንኳ አትደርስም ነበር። የጣላት ቃለ መጠይቁም ጭምር ነው። ሦስት ጊዜ ደምሬ አረጋገጥኩ። ስለዚህ ካርዱ ብቻውን ምንም አይለውጥም ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መሳቢያዬን ከፍቼ ቅጹን አየሁትና መልሼ ዘጋሁት።

ልጄ እራት አልበላችም። ክፍሏ ገብቼ ምን ሆነሻል አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር።

«አባዬ፣ ወደ እዚያ ስሄድ ሒሳቡን ማን ያስረዳኛል?»

ሰኔ 12፣ ዓርብ

ዛሬ የትምህርቱ መዝጊያ ነበር። ልጆቹ ሄደዋል፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጠዋል። የጭምቷ እናት መጥረጊያዋን ውጭ አስቀምጣ ባዶ እጇን ገባች። ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም፤ ዛሬም አልተቀመጠችም።

ልታመሰግነኝ ነው የመጣችው። ልጄን እንኳን ደስ አላት አለች፤ ከአንጀቷ ነው፣ ፊቷ ላይ ሌላ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ሁለተኛ መውጣቷም ቀላል አይደለም አለች። ይህም በእርስዎ ነው አለችኝ።

በምን በእኔ ነው? አልኳት።

«ባለፈው ዓመት አስጠርተው ምላሷ ረዝሟል፣ ገና በጠዋቱ አስተካክያት አላሉኝም? ያ ደግ ሆነ። ቤት ወስጄ ተቆጣኋት፣ ሳምንት ሙሉ አላናገርኳትም። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ አላለችም። ይኸው እርስዎም ጭምት አሏት፣ ታዛዥ ብለው ጻፉላት።»

ምን ብላ ነበር አልኳት። እያወቅሁ ነው የጠየቅኳት።

«ጋሼ ረሱት? መጽሐፉ ሰነፍ ሰው ድሃ ይሆናል ይላል፣ እናቴ ግን ከሁላችሁም ቀድማ ነው የምትመጣው፣ ለምን ድሃ ሆነች ብላ። ልጆቹ ሁሉ ሳቁ አሉ። ምን ያለች ደፋር ናት።»

አልረሳሁትም። ጠመኔ በእጄ ነበር። ልጆቹ ሲስቁ እኔም ስቄአለሁ፣ ከዚያ ጣቴን ቀስሬ ተቀመጪ አልኳት። ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ኖሮ አርባኛው ገጽ ላይ ወጣ። ተጨበጨበልኝ።

ይህን ልነግራት ይገባ ነበር። ይቅርታ ልላት ይገባ ነበር። እሷ ግን የመጣችበትን ቀጠለች። ልጅቷ ከሰኞ ጀምሮ ልብስ አጠባ ቤት ትገባለች፤ ማታ ደግሞ ትማራለች፣ ከቻለች። ቀጣሪዎቹ የጠባይ ማስረጃ ይጠይቃሉ።

«ቃሉን ያንኑ ያድርጉልኝ» አለችኝ። «እነሱም የሚፈልጉት እንደሱ ያለች ልጅ ነው።»

ሌላ ቃል ልጽፍ አሰብኩ። ጠያቂ ብዬ ብጽፍ አይቀጥሯትም። ስለዚህ ጻፍኩ፣ በጥሩ እጅ ጽሕፈት፣ አንድም ስርዝ ሳይኖረው። ለሚመለከተው ሁሉ። ታዛዥ፣ ታታሪ፣ ንጹሕ።

ፊርማ ያስፈልገው ነበር። ኮሪደሩን ተሻግሬ የምክትሉን በር አንኳኳሁ። ቢሮው ነበር። አንብቦ ፈረመ፣ ማኅተም አደረገበት፣ መልሶ ሰጠኝ።

አምስት ደቂቃ አልፈጀም።